በማን ስም ነው የምንከፍለው?

ስታዲየም አካባቢ ለተሰበሰቡ የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ሱቃችሁን ቀድማችሁ ዘግታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ለልጅ አደራ ብላችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁና በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። ጉዳዬም ከኦንላይን አገልግሎቶች ለየትኞቹ እንክፈል፣ በማን ስምስ እንክፈል የሚለው ነው።

ሥራዬ ሕትመት ነው። ቢዝነስ ካርድ፣ ብሮሸር፣ ባነር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሠርግ ጥሪ ካርድ። ለብዙ ዓመታት የሠራነው ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እኛም ማሽናችንን ጭነን ወደ ለገሃር ወረድን። የፒያሳ ደንበኛ አድራሻ በቃሉ ነው የሚይዘው። «ከሻይ ቤቱ ጎን፣ ከፎቶ ቤቱ ፊት ለፊት» ይላል። ሻይ ቤቱም ፎቶ ቤቱም ሲነሡ እኛም ለደንበኞቻችን የጠፋን ያህል ሆንን።

በእነዚያ ሳምንታት ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ደንግጬ ገንዘብ ማፍሰስ ጀመርሁ። የፌስቡክ ገጻችን ለብዙ ሰው እንዲታይ ከፍዬ ቡስት አስደረግሁ፤ አዲስ ዌብሳይት ለማሠራት ቀብድ ከፈልሁ። ሦስት ወር ሙሉ የሚታየው ማስታወቂያ ሥር ያለው አድራሻ ግን አሁንም የፒያሳው ነበር። ደንበኞቻችንን የመለሱልን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በጎግል ማፕ ላይ ያለውን ምልክታችንን ወደ አዲሱ ቦታ ማዛወራችን ሲሆን፣ ሁለተኛው በቴሌግራም ቻናላችን የተላከ አንድ አጭር መልእክት ነው። ሁለቱም በነጻ ናቸው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ገንዘብ ሳወጣ ቀድሜ የምጠይቀው በነጻ ያለውን በሚገባ ተጠቅሜበታለሁ ወይ ብዬ ነው።

ይህን ስል ግን ምንም አትክፈሉ ማለቴ አይደለም። መከፈል ያለበት አለ፤ እኔም ባለመክፈሌ፣ ከዚያም በላይ በሰው ስም በመክፈሌ ተጎድቻለሁ።

ዌብሳይታችንን ከዓመታት በፊት የሠራልን አንድ ባለሙያ ነበር። ጎበዝ ነው፤ ክፋትም አልነበረበትም። የድርጅታችንን ዶሜይን፣ ማለትም ዌብሳይታችንና ኢሜይላችን የሚጠሩበትን የኢንተርኔት ስም፣ ግን የመዘገበው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነበር። በየዓመቱ ገንዘቡን በእጁ እንሰጠዋለን፤ እሱ ይከፍላል። ከዚያ አገር ለቅቆ ሄደ። የማደሻው ቀን ሲደርስ ማስጠንቀቂያው የተላከው እሱ መክፈት ወደተወው ኢሜይል ነው። እኛ ነገሩን ያወቅነው አንድ መሥሪያ ቤት «ፕሮፎርማ ላኩ ብለን ሁለት ጊዜ ጻፍንላችሁ፤ ደብዳቤው ይመለስብናል» ብሎ ሲደውልልን ነው። ጨረታው ያለፈው በዚያው ሳምንት ነበር።

ዶት ኮም የሆነ ዶሜይን ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም። ስሙን የሚመዘግቡት አብዛኞቹ ድርጅቶች በመደበኛው ዋጋ የምታድሱበት ጥቂት ሳምንታት ይሰጣሉ። እሱ ካለፈ ከፍ ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት የ30 ቀን የመዋጃ ጊዜ አለ። ቀጥሎ ማደስ የማይቻልበት 5 ቀን አለ፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ለፈለገው ሰው ክፍት ነው። ችግሩ ይህን ሁሉ ጊዜ ቢኖረንም የምናድሰው በመለያው ገብተን ነው፤ መለያው ደግሞ የእኛ አልነበረም። ገንዘቡ ከእኛ ኪስ እየወጣ፣ ንብረቱ የሌላ ሰው ነበር።

ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ምክር ይህ ነው። ለየትኛውም የኦንላይን አገልግሎት ከመክፈላችሁ በፊት በማን ስም፣ በየትኛው ኢሜይል፣ በየትኛው ስልክ ቁጥር እንደሚመዘገብ ጠይቁ። ዶት ኮምም ሆነ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል የሚመዘገበው ዶት ኢቲ፣ ሁለቱም ያው ነው፤ ባለቤቱ እናንተ ሁኑ። ባለሙያው ይሥራላችሁ፣ ድካሙንም በደንብ ክፈሉት፤ የመግቢያው ቁልፍ ግን እናንተ ጋ ይሁን። በነጻውም እንዲሁ ነው። ቻናላችሁን የከፈተው ሠራተኛ በግል ስልኩ ከሆነ፣ ሥራ የለቀቀ ዕለት ቻናሉም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ባለቤትነቱን ወደ ድርጅቱ ስልክ አዛውሩ፤ ከስልክ ኮዱ ሌላ ቴሌግራም የሚጠይቀውን ሁለተኛ የይለፍ ቃልም አብሩ። ለዚህ ማንም አያስከፍላችሁም።

ከዶሜይን ቀጥሎ የምከፍለው በራሳችን ስም ለሚሠራ ኢሜይል ነው። ፕሮፎርማ የሚጠይቅ መሥሪያ ቤት በድርጅታችሁ ስም የተጻፈ አድራሻ ሲያይ በተለየ ዓይን ይመለከታችኋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ገንዘብ እናባክናለን። ዋጋው በሰው ቁጥር የሚታሰብ ስለሆነ አምስት ሠራተኛ ያለው ሰው አምስት የኢሜይል ሳጥን ይገዛል። እኛ የገዛነው አንድ ነው። አንድ ሳጥን በሽያጭም ሆነ በሒሳብ ክፍል ስም የሚላከውን ሁሉ ያለተጨማሪ ክፍያ መቀበል ይችላል። አገልግሎቱን ስትገዙ ይህን አረጋግጡ።

አሁን ልቤን ወደሚነካው ጉዳይ ልምጣ። ጥር በእኛ ሥራ የዓመቱ እንጀራ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ይደራረባል። በአንደኛው ዓመት በዚያው በጥር መብራት ደጋግሞ ሄዶ መጥቶ የዋናው ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ተቃጠለ። የሙሽሮች ዲዛይን፣ የእንግዳ ስም ዝርዝር፣ የአሥር ዓመት የደንበኛ ፋይል በአንድ ቀን ጠፋ። አንዲት እናት ልጇን የምትድረው በሳምንቱ ነበር፤ የጥሪ ካርዱን ከአሮጌ የሙከራ ወረቀት እያየን ሌሊቱን እንደገና ጻፍነው። ፊቷን አልረሳውም።

በባክአፕ፣ ማለትም የፋይል መጠባበቂያ ቅጂ በመያዝ ሥራ የታወቀ ደንብ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሱቁ ውጭ። የመጀመሪያው ኮምፒውተራችሁ ነው። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ገዝታችሁ የምታስቀምጡት ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ነው። ሦስተኛው ኦንላይን ነው፤ በየወሩ ልትከፍሉበት ከሚገቡ ጥቂት ነገሮች አንዱ እሱ ይመስለኛል። ጎግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለሻይ ቤት ወይም ለልብስ ሰፊ ሒሳብ ይበቃል፤ ለእኛ የዲዛይን ፋይል ግን አንድ ወርም አያደርስም። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ጎግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተገባበትን የግል መለያ ሊሰርዝ ይችላል፤ በአሮጌ ጂሜይል ፋይል ያስቀመጣችሁ ግቡና እዩ። ደግሞም የምናስቀምጠው የሰው ስምና ስልክ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ያ ዝርዝር እንደ ፈለግን የምንበትነው ነገር አይደለም። ከአዋጁም በፊት ቢሆን አደራ ነበር።

ስለ ቪዲዮ ስብሰባ ብዙ አልልም። በነጻው ዙም 40 ደቂቃ ታገኛላችሁ፤ ለእኛ ይበቃል። ለፖስተር ማሠሪያም ነጻው ካንቫ አብዛኛውን ሱቅ ያወጣል። ዌብሳይት? ደንበኛችሁ በቴሌግራም የሚያዝ ከሆነ ይቆይ፤ ስሙን ግን ዛሬውኑ አስመዝግቡ። የውጭ አገር የኦንላይን የሒሳብ አገልግሎት ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ያ አገልግሎት ለገቢዎች የሚሆን ደረሰኝ አይቆርጥላችሁም፤ በዚያ ገንዘብ ሕጉን የሚያውቅ የአገር ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ብትይዙ እመርጣለሁ።

ዋጋው በዶላር የተጻፈ ነገር ሲሆን ደግሞ እርሳስ አንሡ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 10 ዶላር የሚያስከፍል አገልግሎት በዓመት 120 ዶላር ነው። በ57 ብር ስናስበው 6,840 ብር፤ በ100 ብር ስናስበው 12,000 ብር። በዶላር የተጻፈው ዋጋ አልጨመረም፣ አገልግሎቱም አልተለወጠም፤ የሠርግ ካርዴን ዋጋ ግን በዚያ ልክ ላሳድግ አልቻልሁም። ያን ጊዜ የምከፍልባቸውን ሰባት አገልግሎቶች ዝርዝር ዘርግቼ አንድ በአንድ «ይህ ነገ ቢቋረጥ ደንበኛ ይደውልልኛል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ከሰባቱ አራቱን ዘጋሁ። አንድም ሰው አልደወለም።

የአከፋፈሉን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ብዙዎቻችን ውጭ ባለ እህት ወይም ወንድም ካርድ እንከፍላለን። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን የካርዱ ጊዜ ሲያልፍ ክፍያው ይቆማል፤ እኅታችሁም ሥራ ላይ ሆና መልእክቱን ላታየው ትችላለች። ስለዚህ ዋናዎቹን፣ ማለትም ዶሜይኑን፣ ኢሜይሉንና ባክአፑን፣ በራሳችሁ የባንክ ካርድ ለመክፈል ባንካችሁን ጠይቁ፤ ካልሆነም ለዶሜይን የሁለትና የሦስት ዓመት በአንድ ጊዜ ክፈሉ። በብር የሚሸጥ፣ በቴሌብር የሚከፈል ተመጣጣኝ የአገር ውስጥ አገልግሎት ካገኛችሁ ደግሞ ጥቂት ቢወደድም ልትመርጡት ትችላላችሁ፤ ሲበላሽ ሄዳችሁ የምትጠይቁት ሰው አለ።

እኛ ሱቅ ውስጥ ከካዝናው በላይ የተሰቀለ አንድ ሉሕ አለ። የአገልግሎቱ ስም፣ የተመዘገበበት ኢሜይል፣ የሚከፈለው መጠን፣ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። የይለፍ ቃል አይጻፍበትም። የመስከረምን ኪራይ የምናይበት ዓይን እሱንም ያየዋል።

ከዚህ ስወርድ ስልኬን ይዤ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ዶሜይን ያላችሁ ስሙን ንገሩኝ፤ የት እንደተመዘገበና ጊዜው መቼ እንደሚያበቃ አብረን እናያለን። አመሰግናለሁ።