ፋሲካ የሌለው ጾም

የተከበራችሁ የጨው ውኃ አኳሪየም ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

አዘጋጆቹ ስለ ኮራል አመጋገብ በጥቅሉ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ ዜሮ ላወራ ነው። «ናይትሬቴ ዜሮ፣ ፎስፌቴ ዜሮ» እያልን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ከውኃችን ጠፉ ብለን መመጻደቁን መቼ ነው የምንተወው?

ኮራል እንስሳ ነው፤ አፍ አለው፣ ሆድ አለው። በሥጋው ውስጥ ያለው ረቂቅ አልጌ ከብርሃን ስኳር ይሠራለታል፤ አብዛኛው ጉልበቱም ከዚሁ ነው። በስኳር ብቻ ግን ሥጋ አይገነባም። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያስፈልገዋል። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ይኑር። ሁለቱም ሲጠፉ ኮራሉ ይገረጣል፣ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ ልጋግ አሸዋውን ይወርሰዋል። እኛስ ምን እናደርጋለን? መብራት እንጨምራለን! ለተራበ ፍጡር መብራት! ይህ ፋሲካ የሌለው ጾም ነው፤ ያወጅነውም እኛው ነን።

ቱባስትሪያን ተመልከቱ፣ ያን ብርቱካናማውን ኮራል። አልጌ የለውም፤ ከብርሃን አንዲት ጉርሻ አያገኝም። ገዝተን ዋሻ ሥር እንሸጉጠዋለን፤ ተከድኖ ሲቀር «አይበላም» ብለን እንፈርድበታለን። ይበላል እንጂ! ማታ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ማይሲስ፣ ያ በረዶ ሆኖ የሚሸጠው ደቃቅ ሽሪምፕ መሰል ምግብ፣ ከቀለጠበት ውኃ ጥቂት ጠብታ አጠገቡ ልቀቁ። ሽታው ሲደርሰው እጆቹን መዘርጋት ይጀምራል። ፓምፑንና ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣውን ስኪመር ለ20 ደቂቃ አጥፉ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ቁረጡና የአንገቱን ወገን ድፉበት፤ አለበለዚያ ሽሪምፑ ከአፉ ይነጥቀዋል። በአንገቱ በኩል በመርፌ አልባ ስሪንጅ ቀስ ብላችሁ አጉርሱት፤ እያንዳንዱን ፖሊፕ፣ ማለትም እያንዳንዱን አፍ፣ በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ። ለአንዱ ያጎረሳችሁት ለጎረቤቱ አይበቃውም። በፖሊፖቹ መካከል ያለው ሥጋ ሳስቶ ነጭ አጥንቱ ከታየ፣ ርቧል ማለት ነው።

አብሉ ስል ግን ጠርሙስ ሙሉ ፈሳሽ ምግብ ውኃው ውስጥ ድፉ ማለቴ አይደለም! እሱ የሚቀልበው የድንጋዩን አልጌ ነው። ማይሲሱን በአኳሪየሙ ውኃ አቅልጣችሁ በወንፊት አጥልሉት። ከአፉ የሚበልጥ ቁራጭ አትስጡ፤ ከሰዓታት በኋላ መልሶ ይተፋዋል፣ ያም በስብሶ አሞኒያ ይሆናል።

አፋቸው ለጠበበው፣ ለአክሮፖራና ለመሰሎቹ ኮራሎች፣ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ፣ ያ ደቃቅ የጨው ውኃ ሽሪምፕ፣ ይሻላል። እንቁላሉን ለማስፈልፈል፦ 1 ሊትር ውኃ፣ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው፣ 28 ዲግሪ፣ መብራትና ብርቱ አየር፣ 24 ሰዓት ገደማ። ጫጩቱ ከእንቁላሉ ይዞት የወጣውን ስንቅ ሳይጨርስ በዚያው ቀን ስጡ፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ግን አብሮ አይግባ።

ከሻይ በኋላ ጠርሙሱን እዚሁ እንቆርጣለን። መቀስ የያዘ ወደ ፊት ይምጣ።