በከፋው ቀን የሚከፈት አፕ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሥራዬ የአፕ ዲዛይን ነው። አሁን አብዛኛውን ጊዜዬን የሚወስደው ደግሞ የካንሰር ታካሚዎች የሚሰማቸውን ነገር ከቤታቸው ሆነው ለሐኪማቸው የሚያሳውቁበት አፕ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ሕመም፣ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እነዚህን እየመዘገቡ መላክ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ውስጤ የሚመላለሰውን ላወራችሁ ነው።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ጥያቄ ይቀርባል፣ መልስ ይሞላል፣ አለቀ። ግን አፑ የሚከፈተው መቼ ነው? እኛ የምንሠራው በደንብ ተኝተን አድረን፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት ነው። ታካሚው አፑን አጥብቆ የሚፈልገው ግን ራሱን ከትራስ ማንሳት ባቃተው ቀን ነው። ደህና በዋለበት ቀን ባይሞላው ብዙ አይጎዳም። በከፋው ቀን መክፈት ካቃተው ግን አፑ የተሠራበት ምክንያት ራሱ ቀረ። ስለዚህ እኔ አንድ አፕ ለአጠቃቀም ቀላል ነው አይደለም የምለው ያንን ቀን እያሰብኩ ነው።

እስቲ ከእጅ እንጀምር። ኦክሳሊፕላቲን፣ ፓክሊታክሴል፣ ቪንክሪስቲን የሚባሉት የካንሰር መድኃኒቶች የእጅና የእግር ነርቮችን ሊጎዱ ይችላሉ። ጣት ይደነዝዛል፣ ይወጋጋል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያስቸግራል። አሁን በዚህ ጣት የሕመሙን መጠን ለማሳየት ከ0 እስከ 10 የተሰመረ መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ጎትቶ 6 ላይ ማቆምን አስቡት። 7 ላይ ትሄድበታለች፤ ሲመልሳት 4 ላይ ትቆማለች። በመጨረሻ ይሰለቸውና ያገኘው ቁጥር ላይ ይተዋታል፤ ሐኪሙም ያንን እውነት ብሎ ያነባል። እኔ እንዲህ የሚጎተት ነገር አላስገባም። ትልልቅ ቁልፍ፣ በመሃላቸው ሰፊ ክፍተት፣ አንድ ንክኪ፣ በቃ። የአንድሮይድ መመሪያ የሚነካ ነገር ሁሉ ቢያንስ 9 ሚሊሜትር ያህል ይሁን ይላል፤ ለደነዘዘ ጣት ግን ይህም ያንሳል።

ካፔሲታቢን የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ መዳፋቸው ሊቀላና ሊላጥ ይችላል፤ በአንዳንዶቹ ላይ የጣት አሻራ እስከመጥፋት ይደርሳል። አፑ በአሻራ ብቻ የሚከፈት ከሆነ እንግዲህ በሩን የዘጋበት ሕክምናው ራሱ ነው። ረጅም ፓስወርድ አስታውስ ማለትም አይሆንም፤ ኬሞ (ኬሞቴራፒ፣ ካንሰርን በመድኃኒት ማከም) ብዙዎችን ያስረሳቸዋል፣ ሐሳባቸውን መሰብሰብ ያቅታቸዋል። ለዚህ ነው በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ብቻ የምለው። መሃል ላይ ቢያስመልሰው ወይም እንቅልፍ ቢወስደው፣ ሲመለስ ካቆመበት መቀጠል አለበት። የሞላው ሁሉ ጠፍቶ «ጊዜዎ አልፏል፣ እንደገና ይግቡ» የሚል ጽሑፍ የታመመ ሰው ፊት ማምጣት ለእኔ ጭካኔ ነው።

የጥያቄው ብዛት ሌላ ትግል ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ያዘጋጀው ፕሮ ሲቲሲኤኢ የሚባል መጠይቅ 78 የሕመም ምልክቶችና 124 ጥያቄዎች አሉት። ሁሉም እንዲጠየቅ ታስቦ አይደለም፤ ለሚሰጠው ሕክምና የሚስማማው ብቻ ተመርጦ ይወሰዳል። ፈተናው ምርጫው ላይ ነው። ስብሰባ ላይ እያንዳንዱ ባለሙያ «ይቺን አንዲት ጥያቄ ጨምሩልኝ» ይላል። ለየብቻ ሲታይ ሁሉም እውነት አለው፤ ሲደመር ግን ታካሚው ሦስተኛው ገጽ ላይ ስልኩን ያስቀምጣል። ከዚህ መጠይቅ በጣም የምወደው፣ ሕመሙ ምን ያህል እንደበረታ ብቻ ጠይቆ አለማለፉን ነው፤ የዕለት ተዕለት ኑሮን ምን ያህል እንዳስተጓጎለም ይጠይቃል። «ድካሜ 5 ነው» ከሚለው ይልቅ «ተነሥቼ ገላዬን መታጠብ አልቻልኩም» የሚለው ለነርሷ ብዙ ይነግራታል።

አክስቴን ያስታመምኩበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። ቤት ውስጥ ስታስመልስ ሰንብታ፣ ሐኪሙ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲላት «ደህና ነኝ» ትላለች። አልዋሸችም። ያን ዕለት ቀለል ብሏት ነበር፤ ደግሞም ሰው ማስቸገር አትወድም። በቀጠሮ ቀን የሚጠየቅ ሰው የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ የቀጠሮውን ቀን ነው። በመሃል ያለፈው ሳምንት የትም አይመዘገብም።

ይህ ክፍተት ሲሞላ ምን እንደሚሆን ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ዶክተር ኢታን ባሽና ባልደረቦቻቸው ኒውዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል የሠሩት ነው። ካንሰራቸው የተሰራጨ 766 ታካሚዎች ነበሩ። አንደኛው ቡድን 12 የተለመዱ ምልክቶችን በኢንተርኔት ይሞላል፤ አንዱ ሲብስ ለነርስ መልእክት ይደርሳል። በ2017 በወጣው ውጤት የዚህ ቡድን ታካሚዎች ጥናቱን ከጀመሩ በኋላ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 31.2 ወር፣ እንደተለመደው ብቻ ይታከም የነበረው ቡድን ደግሞ 26 ወር ሆነ። እኔን ከዚህም በላይ የያዘኝ፣ ከዚያ በፊት ኮምፒውተር እምብዛም ያልነኩት ሰዎች ይበልጥ ጥቅም ማግኘታቸው ነው። «እነዚህ ሰዎች ቴክኖሎጂ አይችሉም» እየተባለ ወደ ዳር የሚገፉት ማለት ነው። በኋላ በ52 የሕክምና ማዕከላት የተደረገ ሰፊ ጥናት ታካሚዎቹ በሕይወት በቆዩበት ጊዜ ላይ ልዩነት አላሳየም፤ የታካሚዎቹ የኑሮ ጥራትና የሰውነት አቅም ግን ተሻሽሎ ተገኝቷል። በዚያ ጥናት ኢንተርኔት የማይመቸው ሰው በስልክ ጥሪ መመለስ ይችል ነበር። እኔ ይህን በጣም ትክክለኛ ውሳኔ ነው እላለሁ።

ልብ በሉ፣ በመጀመሪያው ጥናት ከአራት ማስጠንቀቂያዎች ሦስቱ ገደማ ላይ ነርሶቹ እርምጃ ወስደዋል። ደውለዋል፣ መድኃኒት አስቀይረዋል፣ ወደ ሌላ ሐኪም ልከዋል። በወዲያኛው ጫፍ ሰው ነበር። ሰው ከሌለ ያማረ ስክሪን ምንም አያደርግም። ታካሚው ሁለት ጊዜ ሞልቶ መልስ ካጣ ሦስተኛ ጊዜ አይሞላም፤ ልክም ነው። ስለዚህ «ላክ» ከሚለው ቁልፍ ሥር ማን እንደሚያነበውና እስከ መቼ እንደሚደወልለት በግልጽ መጻፍ አለበት። ማታ የሚያነብ ከሌለም «እስከ ጠዋት የሚያየው የለም፤ ከባሰብዎ አሁኑኑ ወደዚህ ይደውሉ» መባል አለበት።

ትኩሳት ደግሞ ለብቻው ነው። ኬሞ ነጭ የደም ሴሎችን ዝቅ ባደረገበት ሰሞን 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ድንገተኛ አደጋ ነው። ሰውየው 38.4 ብሎ ሲያስገባ «እናመሰግናለን፣ ተመዝግቧል» ብሎ የሚመልስ አፕ ሰው ሊያስገድል ይችላል። የቀሩት ጥያቄዎች በሙሉ ይቅሩ፤ ስክሪኑ ላይ የሕክምና ቡድኑ ስልክ ቁጥር ብቻ ይታይ።

ዝምታም መልስ ነው። በየሳምንቱ ይሞላ የነበረ ሰው ድንገት ካቆመ፣ ሰልችቶት ሊሆን ይችላል፤ ስልኩን ማንሳት አቅቶትም ሊሆን ይችላል። ዲዛይናችን ይህንን «ያልተሞላ» ብሎ በባዶ ሳጥን ካለፈው፣ ከሁሉም የባሰበትን ሰው አየነው ማለት አይቻልም። ያ ባዶ ሳጥን በነርሷ ዝርዝር ላይ ከላይ መውጣት አለበት። አስታማሚም ስለ ታማሚው መሙላት ይችል፤ ማን እንደሞላው ተለይቶ ይታወቅ።

ገና መልስ ያላገኘሁለት አንድ ነገር አለ። ብዙ ታካሚዎች ሕመማቸውን የሚደብቁት ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀንስብኛል ወይም ያቋርጥብኛል ብለው ፈርተው ነው። ፍርሃቱ መሠረት የለውም ማለት አልችልም፤ አንዳንዴ መጠኑ በእርግጥ ይቀነሳል። «አይዞዎት፣ ምንም አይቀየርም» ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። አሁን እየሞከርኩት ያለሁት ከጥያቄዎቹ በፊት በአጭሩ እንዲህ ማለትን ነው፦ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው ማስታገሻ መስጠት ነው፤ መጠን መቀነስ ካስፈለገም ከእርስዎ ጋር ተነጋግረን ነው። ይህ ይበቃል ወይ? በሕክምና ላይ ያላችሁ ወይም የምታስታምሙ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ ምን ቢባልላችሁ እውነቱን ትሞሉ ነበር?