ዝም ያልኩበት ጉድጓድ

እንደምን አመሻችሁ። ከጅማ ነው የማናግራችሁ። ከጀርባዬ የሚሰማው ጫጫታ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ነው፤ እስኪያባራ ልጠብቅ ብል ይህን ክፍል የምቀዳው መስከረም ላይ ይሆናል።

ዛሬ የማወራው ስለ ጎልፍ ነው። አዎ፣ ጅማ ተቀምጬ። እዚህ ከተማ እኔ የማውቀው የጎልፍ ሜዳ የለም። ጨዋታውን የለመድኩት አዲስ አበባ በሒሳብ ሠራተኛነት ዘጠኝ ዓመት ስኖር ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ጠዋት «ና፣ ትንሽ ንጹሕ አየር ሳብ» ብሎ ይዞኝ ሄደ፤ በዚያው ለከፈኝ። ወደ ጅማ ስመለስ ዱላዎቼን በትከሻዬ አንግቤ ከባጃጅ ስወርድ ያዩኝ አንድ ጎረቤታችን «ምነው ልጄ፣ በደህና ነው? ከማን ጋር ተጣላህ?» አሉኝ። አሁን አክስቴ ግቢ ውስጥ፣ ከቡና ዛፎቹ አጠገብ፣ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ መሬት ውስጥ ቀብሬ አመሻሹ ላይ ኳስ አንከባልላለሁ። ዶሮዎቹም ለምደውኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሙሉ ዙር ተጫወትኩ። ጎልፍን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። 18 ጉድጓዶች አሉ። ኳሷን ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ ለማድረስ ስንት ጊዜ እንደመታችሁ ይቆጠራል፤ ጥቂት የመታ ያሸንፋል። በሙሉ ሜዳ ላይ ከጎበዝ ተጫዋች የሚጠበቀው ብዙውን ጊዜ 72 ምት ወይም ወደዚያ የተጠጋ ነው። እኔን ለመሰለ የቅዳሜ ተጫዋች ግን ሕልሙ ከ90 በታች መግባት ነው። 89 ብሎ መጻፍ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም።

የዚያን ቀን ቦርሳዬን የያዙልኝ ካዲ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ለረጅም ጊዜ እንተዋወቃለን፤ እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም እኔም አንቱ ነው የምንባባለው። በወጣትነታቸው አጋሮ ቡና ለቅመዋል። ስለዚህ ከጅማ መምጣቴን ሲሰሙ ጥያቄያቸው አያልቅም። ቡናው ዘንድሮ እንዴት ያዘ? ማድረቂያው አልጋ ላይ ዝናብ አላገኘውም? የድሮው መንገድ ዳር ያለው ዋርካ አሁንም አለ? ኳሷን እመታለሁ፣ ዱላውን እመልስላቸዋለሁ፣ ስለ ቡና እያወራን እንሄዳለን፤ ኳሷ ጋ ስንደርስ ወሬው በራሱ ጊዜ ይቆማል፣ እመታለሁ፣ ደግሞ እንሄዳለን። አሥራ ሦስት ጉድጓድ በዚህ ሁኔታ አለቀ።

አሥራ ሦስተኛው ላይ ከአምስት እርምጃ ርቀት የገፋኋት ኳስ ጠርዙን ዞራ ገባች። ያን ጊዜ ነው ጥፋቱን የሠራሁት። የመመዝገቢያ ወረቀቱንና እርሳሱን አወጣሁ።

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ቁጥር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም። ደመርኩት። 61። አምስት ጉድጓድ ቀርቶኛል፤ 89 ለመጻፍ 28 ምት አለኝ። ለእነዚያ አምስት ጉድጓዶች የተመደበው፣ ማለትም ከጎበዝ ተጫዋች የሚጠበቀው፣ 20 ምት ነው። ስለዚህ ስምንት ምት ትርፍ አለኝ ማለት ነው። ስምንት! እየተንገዳገድኩ ብጨርስ እንኳ ይበቃኛል። እርሳሱን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ወደ አሥራ አራተኛው ስራመድ ለባልደረባዬ የምልከውን መልእክት በልቤ መጻፍ ጀምሬ ነበር። «ሰማህ ወይ» ብዬ ልጀምር ወይስ ምንም ሳልል የወረቀቱን ፎቶ ብቻ ልላክለት እያልኩ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ልብ በሉ፣ ፍርሃት አልነበረም። ሰው ሲሸነፍ ፈራ ይባላል፤ እኔን ያሸነፈኝ ደስታ ነው።

በዚህ መሀል ጋሼ «ታዲያ አክስትዎ ቡናቸውን ሸጡት ወይስ ዋጋ እየጠበቁ ነው?» አሉኝ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን ትኩረት ላድርግ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀሩ። ከዚያ በኋላ የእግራችን ኮቴና በቦርሳው ውስጥ የሚንቃጨለው የዱላ ድምፅ ብቻ ቀረ። አሥራ አራተኛው ላይ የመታኋት ኳስ ወደ ቀኝ ታጥፋ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባች። ሕጉ ኳስ ለመፈለግ የሚፈቅደው ሦስት ደቂቃ ነው፤ ደረቁን ቅጠል በእግሬ እየገለበጥኩ ሦስቱንም ጨረስኳቸው። አራት በተመደበለት ጉድጓድ ሰባት ጻፍኩ። «ምንም አይደለም፣ አምስት ትርፍ አለኝ» አልኩ። እዩት እንግዲህ፣ አሁንም እየቆጠርኩ ነው። ቀጥሎ ስድስት። አጭሩ አሥራ ስድስተኛ ላይ አምስት። ከዚያ ስድስት። መጨረሻው ላይ ሰባት። በአምስት ጉድጓድ 31 ምት፣ ድምሩ 92። እርሳሱ ጆሮዬ ላይ እንደተሰካ ነበር ወደ መኪናው የሄድኩት፤ ከመስታወቱ ውስጥ ሳየው እንዴት እንዳፈርኩ።

የጎልፍ ዓለም እንዲህ ያለ ታሪክ ሞልቶታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ስኮትላንድ ውስጥ ካርኑስቲ በሚባለው ሜዳ ላይ ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ ብሪታንያ ኦፕን የተባለውን ታላቅ የጎልፍ ውድድር ሊያሸንፍ አንድ ጉድጓድ ብቻ ቀርቶት ነበር። የሦስት ምት ብልጫ ነበረው፤ አራት በተመደበለት ጉድጓድ ላይ ስድስት ቢመታ እንኳ ዋንጫው የእሱ ነው። የመጀመሪያው ምት ወደ ጎን ወጣ። ሁለተኛው የተመልካቾችን መቀመጫ መትቶ ወደ ኋላ ነጥሮ ረጅም ሣር ውስጥ ተቀበረ። ሦስተኛው ወንዝ ውስጥ። ሰውየው ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃው ውስጥ ገብቶ ሲቆም የሚያሳየውን ምስል ያላየ የጎልፍ ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። በመጨረሻ ሰባት መታ፤ ለመለያ በተደረጉት አራት ጉድጓዶችም ተሸነፈ። ዋንጫውን የወሰደው ፖል ሎሪ የመጨረሻውን ቀን የጀመረው ከመሪው አሥር ምት ርቆ ነበር።

ሰዎች በቫን ደ ቬልድ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። በልቡ ምን እንደነበረ እሱ ያውቃል፤ እኔ የማውቀው ትርፍ ምት ያለው ሰው ምን እንደሚመስል ነው።

ለወራት የያዝኩት መደምደሚያ ግን ሌላ ነበር። ትኩረቴን ቀድሜ ብጀምር ኖሮ እል ነበር። ከመጀመሪያው ጉድጓድ ጀምሮ አፌን ዘግቼ፣ አእምሮዬን ወጥሬ አራቱን ሰዓት ይዤው ብቆይ። ይህን ሐሳብ ያፈረሰችብኝ አክስቴ ናት፤ እሷም አታውቀውም።

ባለፈው እሑድ ቡና እየቆላች ነበር። ከሰሉ ተቀጣጥሏል፣ ታጥቦ የተንጠፈጠፈው ቡና ብረት ምጣዱ ላይ ነው። ከጎረቤቷ ጋር ስለ አንድ ሠርግ እያወሩ ይስቃሉ። እጇ ያማስላል፣ ዓይኗ ጎረቤቷ ላይ ነው። ቡናው አረንጓዴነቱን ትቶ ቢጫ ሆነ፣ እሷ ስለ ሙሽራዋ እናት ቀሚስ ታወራለች። ቀስ በቀስ ቡናማ ሆነ፣ አሁንም ወሬው አልቆመም። ከዚያ መንጣጣት ጀመረ። አክስቴ ዓረፍተ ነገሩን መሀል ላይ ቆርጣ ዝም አለች። ጎንበስ ብላ፣ እጇን አፍጥና፣ ምጣዱን ከእሳቱ ከፍ ዝቅ እያደረገች፣ በአፍንጫዋም በጆሮዋም ቡናው ላይ ነበረች። እኔ በዚያች ቅጽበት ስኳር የት እንዳለ ጠየቅኳት፤ እንዳልተፈጠርኩ ቆጠረችኝ። ፍሬው ወዙን አውጥቶ ማብረቅ ሲጀምር ምጣዱን አነሳችው፣ ጢሱን ወደ እኛ አዞረችው፣ ከዚያም «...እና ቀሚሱ ለካ የተውሶ ነው!» ብላ ካቆመችበት ቀጠለች።

እኔ እዚያው በርጩማው ላይ ደንግጬ ቀረሁ። አክስቴ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አፍጥጣበት ቢሆን ኖሮ ደክሟት መጨረሻው ላይ ታሳርረው ነበር። ሠርጉ አላዘናጋትም። አሳረፋት።

ማታ እርሳስ ይዤ ደግሞ ሒሳብ ሠራሁ፤ አመሌ ነው። 90 ምት ብመታ፣ ለእያንዳንዱ ለመዘጋጀትና ለመምታት ግማሽ ደቂቃ ቢወስድብኝ፣ ጠቅላላው 45 ደቂቃ ነው። አንድ ዙር ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚሆነው እግር ነው፤ መሄድ፣ መጠበቅ፣ ኳስ መፈለግ። አሥራ ሦስት ጉድጓድ ሙሉ ያን ጊዜ የሞላልኝ የአጋሮ ዋርካና የማድረቂያ አልጋ ነበር። አሥራ አራተኛው ላይ ጋሼን ዝም ሳሰኛቸው ባዶ የቀረው ቦታ ባዶ ሆኖ አልቆየም። 28ቱ ምት ገባበት፣ የፎቶው መልእክት ገባበት። «ትኩረት ላድርግ» ያልኩት ለመቁጠር እንዲመቸኝ ነው እንጂ ለኳሷ አልነበረም።

ሙያዬ እውነቱን እንድናገር ያስገድደኛልና ሌላም ማብራሪያ እንዳለ ልንገራችሁ። 92 እኔ ሁልጊዜ የምጽፈው ዓይነት ቁጥር ነው። ምናልባት ያልተለመደው አሥራ ሦስቱ ጉድጓድ ነበረ፤ አምስቱ ወደ ልኬ መለሱኝ እንጂ አላበላሹኝም። ይህን የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልከራከረውም። ግን ያን ቀን ከውስጥ ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ አራተኛው መነሻ ላይ ስቆም እጄ ዱላው ላይ ነበር፣ እኔ ግን ፎቶውን ልኬ ጨርሼ መልስ እየጠበቅኩ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ወስኛለሁ። የመመዝገቢያ ወረቀቱን ጋሼ ይይዙታል። እስከ መጨረሻው ጉድጓድ ድረስ አላየውም፤ እንዲያሳዩኝ ብለምናቸውም እንዳይሰጡኝ አደራ እላቸዋለሁ። ኳሷ ጋ ስደርስ ቡናው ተንጣጣ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ ዝም። ከመታሁ በኋላ ደግሞ ወደ ሠርጉ። ሊሠራም ላይሠራም ይችላል፤ አክስቴ ስንት ዓመት ቆልታ ነው እዚያ የደረሰችው።

ዝናቡ ቀለል ያለ ይመስላል። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል አውቶቡስ ላይ ነኝ፣ በወልቂጤ በኩል ወደ አዲስ አበባ። አክስቴ ለጋሼ አንድ ኪሎ ቡና ቋጥራልኛለች፤ «ጥሬውን ነው፣ ራሳቸው ይቁሉት፤ የሰው ቁሌት አላምንም» ብላለች። ጥር ላይ ሳልመልስላቸው የቀረሁትን ጥያቄ መልስም ይዤላቸዋለሁ። ግማሹን ሸጣዋለች። ግማሹ አሁንም በጆንያ አልጋዋ ሥር ነው።