ዜሮ ማርሽ፣ ዜሮ ቤንዚን?

ጤና ይስጥልኝ! ድሬዳዋ ነኝ፣ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር። መኪናው ውስጥ ልቀርጽ አስቤ ነበር፤ ሙቀቱ ስልኬን አጠፋብኝ።

ይህቺ በእጄ የያዝኋት ሳጥን የነዳጅ ፍጆታ መለኪያ ናት። ከመኪናው ጋር አልመጣችም፤ ለብቻዋ ትገዛለች።

የዱቤ ደብተር ታውቃላችሁ አይደል? ከሰፈር ሱቅ ስኳር ወሰዳችሁ፣ ዘይት ወሰዳችሁ፣ ልጁን ልካችሁ ሳሙና አስመጣችሁ። ደመወዝ ሲወጣ ባለሱቁ ደብተሩን ይገልጣል። «ይህን ሁሉ መቼ በላሁት?» እሱ ምን ቸገረው፣ ይስቃል። የመኪናችሁ የቤንዚን ጌጅ ያ ደብተር ነው፤ ካለቀ በኋላ ነው የሚነግራችሁ። ይህቺ ግን ስኳሩ ሲመዘን አጠገባችሁ ቆማ «ይኸው፣ ይህን ያህል ወሰድክ» ትላለች። ነዳጅ መስጫውን ስትረግጡ ቁጥሩ ይዘላል፤ እግራችሁን ስታነሡ ይወርዳል። ባለቤቴ «ከእኔ ይልቅ እሷን ትሰማለህ» ትለኛለች። አልዋሸችም።

አሠራሯን ቶሎ ልበላችሁ። ከመሪው ሥር ያለው ባለ 16 እግር ሶኬት ላይ ትሰካለች። ሞተሩ የሳበውን አየር ከመኪናው ኮምፒውተር ታነባለች፤ ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን ብላ ታሰላለች፤ የመኪናውን ፍጥነትም ስሌቱ ውስጥ አስገብታ በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር እንደሄደ ታወጣለች። ናፍጣ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም። ከጃፓን ገበያ የመጡ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ሶኬቱ ኖሯቸውም ከእሷ ጋር ላይግባቡ ይችላሉ፤ ሳትሰኩ አትግዙ። የሐረር ፔጆ 404 ባለቤቶች፣ እናንተን ይቅርታ፤ መኪናችሁ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አያውቅም።

አሁን ወደምትጨቀጭቁኝ ነገር። «ከደንገጎ ወደ ድሬ ስወርድ ዜሮ ማርሽ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ ቤንዚን አይበላም።» አንድ ሰው አይደለም ይህን ያለኝ፤ ግማሻችሁ ናችሁ! እሺ፣ ሳጥኗን ጠየቅኋት።

በዜሮ ማርሽ ሞተሩ ከጎማው ጋር ስለማይያያዝ፣ እንዳይጠፋ ራሱን ማንቀሳቀስ አለበት። ለትንሽ መኪና በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ገደማ ይሄዳል። ማርሽ አስገብቼ እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሣስ? ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን ይቆርጠዋል። ሳጥኗ ላይ ዜሮ! ዜሮው ያለው ማርሹ ላይ ሳይሆን ሳጥኗ ላይ ነው፣ ወገኖቼ። ይህን መቆረጥ የማያስተውሉ ርካሽ መለኪያዎች ስላሉ ቁጥሩ ካልወረደ አትደንግጡ።

በሜዳ ላይ ክርክራችሁ ጥቂት እውነት አለው፤ በዜሮ ማርሽ መኪናው ራቅ ብሎ ይንሸራተታል። ደንገጎ ግን ሜዳ አይደለም። እዚያ በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ሰው የፍሬኑን ሸራ እያቃጠለ ነው፤ ኩርባው ላይ ፍሬኑ እንቢ ቢለው ለቤንዚኑ ማን ያዝናል?

ስለቁጥሯ እውነተኛነት ለጠየቃችሁኝ፣ ታንኩን አፍ ድረስ ሙሉ፣ ንዱ፣ እንደገና ሙሉ። ማደያው የቀዳላችሁን ሊትር መልሳችሁ ንገሯት፤ ራሷን ታስተካክላለች። ከባለሱቁ ጋር ደብተር እንደ ማመሳከር ማለት ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጉት።

የቻናሉ ቤተሰብ ያልሆናችሁ ሁኑ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ማቀዝቀዣ ከፍቼ፣ ከዚያም መስኮት ከፍቼ በሳቢያን በኩል እነዳለሁ። ስልኬን በረዶ ላይ አስቀምጬ።