«ሲልቨር»ን ከቤዙ ጀምሮ መስማት

(ሙዚቃ ይገባል፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

ይህን ዓይነት ሙዚቃ የሆነ ቦታ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ሆቴል ቁጭ ብላችሁ ሰው ስትጠብቁ፣ ሬድዮ ላይ ዜና ሊጀምር ሲል። ዘፋኝ ስለሌለበት ብዙዎቻችን በደፈናው «ክላሲካል» እንለዋለን። ትክክለኛ ስሙ ስሙዝ ጃዝ ነው። ዛሬ አብረን የምንሰማው ፎርፕሌይ የተባለው የአሜሪካ ባንድ በፈረንጆቹ 2015 ያወጣውን «ሲልቨር» የተሰኘ አልበም ነው።

ሲልቨር ብር ማለት ነው። ባንዱ ከተመሠረተ 25 ዓመት ሞልቶት ስለነበር የብር ኢዮቤልዩውን ያከበረው በዚህ ሥራ ነው። የብዙዎቹ ሙዚቃዎች ርዕስም ከዚሁ ከብር ጋር የተያያዘ ነው። አንዱ «ሆራስ» ይባላል፤ በ2014 ላረፈው ታላቅ የጃዝ ፒያኒስት ለሆራስ ሲልቨር መታሰቢያ የተሠራ ነው።

ኪቦርድ ቦብ ጄምስ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ቤዝ ጊታር ናታን ኢስት፣ ድራም ሃርቪ ሜሰን። ሦስቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልተለያዩም። የተቀያየረው ጊታሪስቱ ነው፦ ሊ ሪትናወር፣ ከዚያ ላሪ ካርልተን፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ «ሲልቨር» ላይ የሚጫወተው ቸክ ሎብ። «ሲልቨር» ላይ ሁለቱም የቀድሞ ጊታሪስቶች በእንግድነት ተመልሰዋል። ከቤት የወጣ ሰው ለበዓሉ ተጠርቶ ሲመጣ፣ ባለ ወንበሩም ጠጋ ብሎ ቦታ ሲሰጠው ማየት እኔን በጣም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እባካችሁ ይህን አልበም በስልካችሁ ስፒከር አትስሙት።

ናታን ኢስት ባለ አምስት ክር ቤዝ በመጫወት ይታወቃል። የዚህ ጊታር ወፍራሙ ክር በሌላው እጅ ሳይጫኑት ሲመታ በሰከንድ 31 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የስልክ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም፤ ሆቴሉ ጣሪያ ላይ የተገጠመችው ትንሿም እንደዚያው። ስለዚህ ጆሯችን የሚደርሰው የላይኛው ብቻ ነው፤ ጊታሩና ፒያኖው። ስሙዝ ጃዝ «ለስላሳ ነው፣ ግን ባዶ ነው» እየተባለ የሚታማው ግማሹ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ኢርፎን አድርጉ። ዜማውን ለጊዜው ተዉትና ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ኢስት ከታዋቂው ጊታሪስት ከኤሪክ ክላፕተን ጋር ለዓመታት የተጫወተ፣ በ2013 በወጣው ዳፍት ፓንክ የተባሉት ፈረንሳዮች «ጌት ላኪ» ዘፈን ላይም ያለ ሰው ነው። ጣቱ የሚያቅተው ነገር ያለ አይመስለኝም። እሱን ስትሰሙ ክሩን የመታበትን ብቻ አትጠብቁ፤ በጣቱ አፍኖ ዝም ያሰኘበትን ቅጽበትም ያዙ። ሰውነታችሁን የሚያወዛውዘው ያ ዝምታ ነው።

ቤዙን ካገኛችሁት ድራሙን ጨምሩ። ሃርቪ ሜሰን በ1973 ከፒያኒስቱ ሄርቢ ሃንኮክ ጋር «ሄድ ሃንተርስ» የተባለውን ጃዝና ፈንክ (ለጭፈራ የሚገፋፋ ምት ያለው ሙዚቃ) የተቀላቀሉበትን አልበም የሠራ ነው። የፈንክ ድራመሮች በትልልቆቹ ምቶች መካከል ዱላቸውን ከቆዳው ብዙም ሳያነሱ ነካ ነካ ያደርጉታል። ድምፁ በጣም ትንሽ ነው፤ ቢጎድል ግን ሙዚቃው ቆሞ ይቀራል። ያቺን ንክኪ ፈልጓት።

ጊታሩን ለመጨረሻ ያቆየሁት አውቄ ነው። ቸክ ሎብ ከዚህ አልበም በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ2017 በካንሰር አረፈ። አሁን ሥሩን ስለያዛችሁት፣ ጊታሩ በምን ላይ ተደግፎ እንደሚዘምር ትሰማላችሁ።

ኢርፎናችሁን አደረጋችሁ? እንግዲህ «ሆራስ»።

(ሙዚቃው ከፍ ይላል)