ላልቶ የተጠቀለለ ክር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ቤተሰቡ ተኝቷል። እኔ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ሪሌን፣ ማለትም ክር የሚጠቀለልባትን መዘውር፣ አስቀምጬ እያየኋት ነው። ስለ እሷ ላወራችሁ ፈልጌ ነው የተነሳሁት።

ለማያውቅ ሰው፣ ፍላይ ፊሺንግ ማለት ከላባና ከክር ተሠርታ ዝንብ ወይም ሌላ ነፍሳት የምትመስል መንጠቆ ወንዝ ላይ እየወረወሩ ማጥመድ ነው። መንጠቆዋ ክብደት የሚባል ነገር የላትም፣ ስለዚህ የሚወረወረው ላይኑ፣ ማለትም ወፍራሙ የማጥመጃ ክር፣ ራሱ ነው። እኔ የምጠቀመው ቁጥር 5 የሚባለውን ነው፤ የፊተኛው 9 ሜትር ገደማ ሲመዘን 9 ግራም አካባቢ ይሆናል። ሙሉ ርዝመቱ 27 ሜትር ይሆናል። ከሱ በስተኋላ፣ ከሪሉ እምብርት ጋር የሚታሰረው ቀጭን ክር ደግሞ ባኪንግ ይባላል። እኔ ዘንድ ያለው ብርቱካንማ የዳክሮን ክር ነው፣ 90 ሜትር ገደማ።

ባኪንግ ብዙ ጊዜ አይታይም። ዓመት ሙሉ ስታጠምድ ከርመህ አንድ ቀን እንኳ ላታየው ትችላለህ። ሥራው ግን ሁለት ነው። ትልቅ ዓሣ ላይኑን ጨርሶ ሲሮጥ ተጨማሪ ክር ይሰጥሃል። ሌላው፣ የስፑሉን (ሪሉ ላይ ክሩ የሚጠቀለልበትን ክፍል) ሆድ ይሞላል፤ ሆዱ ሲሞላ ላይኑ ሰፋ ባለ ክብ ላይ ስለሚጠቀለል እንደ ሽቦ አይጠመዘዝም፣ እጀታውን አንዴ ስታዞርም ብዙ ክር ይመለሳል።

የመጀመሪያ ሪሌን ያዘጋጀሁት ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ ነበር። ባኪንጉን ሶፋ ላይ ጥዬ፣ በአንድ እጄ እጀታውን አዞርኩት፣ በሌላው ስልክ ይዣለሁ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከላይ ሲያዩት የሚያምር ነበር።

ከዚያ በሚያዝያ ድሪም ስትሪም ሄድኩ። ሳውዝ ፕላት ወንዝ በስፒኒ ማውንቴንና በኢለቨን ማይል ግድቦች መካከል የሚያልፍበት ቦታ ነው። ሜዳ ነው፣ ዛፍ የለበትም፣ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። በጸደይ ሬይንቦ ትራውት የሚባሉ ትልልቅ ዓሦች እንቁላል ለመጣል ከታችኛው ግድብ ወደ ወንዙ ይወጣሉ። ረፋዱ ላይ አንዱ ያዘልኝ። ዞሮ ወደ ታች ሮጠ፣ ከወራጁ ውሃ ጋር፣ እኔም ዳር ዳሩን ድንጋይ እየረገጥኩ ተከተልኩት፣ ላይኑ አለቀ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ብርቱካንማ ክር ከሪሌ ሲወጣ አየሁት። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። አምስት ስድስት ሜትር ወጣ። ከዚያ ቀጥ አለ። ከላይ ያለው ክር ላላ ባለው የታችኛው ክር ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ጫፉ ላይ ያለችው ስስ ክር አልቻለችም፣ ተበጠሰች።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዓሣው በላይ ያናደደኝ ነገር ነበር፦ ይሄን ነገር እኮ አውቀዋለሁ!

አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ ሲሠራ፣ ማግ ቀሰም ላይ የምንጠቀልለው እኛ ልጆቹ ነበርን። ቀሰሙ መወርወሪያው ውስጥ ይገባል፣ ክሩ እየተፈታ ይሄዳል። አላልተህ ከጠቀለልከው መሃል ላይ ይያዛል ወይም ይበጠሳል፣ አባቴም ሥራውን አቁሞ ክሩን መቀጠል አለበት። ጨዋታ አምሮኝ ቶሎ ቶሎ የጠቀለልኩትን በጣቱ ጫን አድርጎ ያየዋል። «ፍታው» ይለኛል። ሌላ ቃል የለም። ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት!

ስለዚህ ፈታሁት። ባለፈው እሁድ ጠዋት እንደ አዲስ ነው የሠራሁት፣ ዘጠኝ ዓመት ከሆናት ልጄ ጋር። ባኪንጉ የተጠቀለለበትን ማዞሪያ እርሳስ ላይ ሰካንላት፣ እንደ ጎማ እንዲዞር። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ክሩ ከጎን በኩል እየተመዘዘ ከወጣ እየተጠማዘዘ ነው የሚገባው። ጫፉን በስፑሉ እምብርት አዞርኩት፣ በራሱ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ጫፉ ላይ ሌላ ቋጠሮ፣ በምራቅ አርጥቦ መሳብ፣ በቃ። ከዚያ መጠቅለል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል በጨርቅ ያዝኩት፣ ጠበቅ አድርጌ፣ ከዳር ዳር እያመላለስኩ፣ አንድ ቦታ ጉብታ እንዳይሠራ።

መሃል ላይ አባቴ በቪዲዮ ደወለ። አዲስ አበባ መሽቷል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆምኩለት። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ጣትህን አታንሳ» አለኝ። ሪል ምን እንደሆነ አያውቅም እኮ! ክር ግን ያውቃል። «ይሄ ዓሣ እኛ አገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ትራውት ባሌ፣ ዲንሾ አጠገብ፣ ዌብና ዳንካ ወንዞች ውስጥ እንዳለ፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ እንደተለቀቀ ነገርኩት። «እንግዲህ ስትመጣ እዚያ ትወስደኛለህ» አለ። አባቴ ከሽሮ ሜዳ ውጪ የትም ልሂድ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

የቀረው ላይኑ ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ወፍራሙ ክፍል ከፊት ነው። የትኛው ጫፍ ወደ ሪሉ እንደሚገባ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ተለጥፎበታል፣ አትጣሉት። ገልብጣችሁ ካስገባችሁት አወራወሩ ሁሉ ይበላሻል። የኔው ላይን ጫፉ ላይ ቀለበት ስላልነበረው ባኪንጉን በቀጭን የቡና ማማሰያ ስትሮው ታግዤ ሰባት ጊዜ ጠምጥሜ አሰርኩት። ሁለት ጊዜ አፈረስኩት። ሦስተኛው ላይ ጥርሴንም እጄንም ተጠቅሜ ስቤ አየሁት፣ አልተንቀሳቀሰም። ሲያልቅ በክሩና በስፑሉ ጠርዝ መካከል አራት አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ቀረ። እስከ አፉ ከሞላ ዓሣ ሲታገላችሁ ክሩ ጠርዙን ይታከካል።

መጨረሻ ላይ ልጄ ሪሉን ተቀበለችኝና፣ ማንም ሳይነግራት፣ ክሩን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አየችው። አባቴ በስልኩ ውስጥ ሆኖ ሳቀ።

ቅዳሜ ዴከርስ እንሄዳለን፣ እዚያው ሳውዝ ፕላት ወንዝ ላይ። ደህና እደሩ።