ኳስ አልገባ ባለበት ምሽት ማሸነፍ፤ ስለ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት የቅርጫት ኳስ ክፍለ ጊዜያችን ከደረሱን ጥሪዎች አብዛኞቹ ያተኮሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ከሚወረውረው ኳስ አብዛኛውን የሚስት ቡድን እንዴት አሸንፎ ሊወጣ ይችላል የሚለው ነው። በአየር ላይ ሰዓቱ አጥሮን በይደር የተውናቸውን ጨምሮ መልሶቹን በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የደወሉ እናት፦ «ልጄ የሚማርበት ኮሌጅ ቡድን ባለፈው ቅዳሜ ከወረወረው ሲሶውን ያህል እንኳ ሳያስገባ አሸነፈ። እኔ በደስታ ስጮህ ባለቤቴ ግን ዕድል ነው፣ ሌላ ጊዜ አይደገምም አለኝ። እውነት ዕድል ነው?»

እመቤቴ፣ ባለቤትዎ ከፊሉን እውነት ይዘዋል፤ ሌላኛው ቡድንም ኳስ አልገባለት ካለ የዕድል ድርሻ አለበት። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ድል ሲመረመር ከዕድል ይልቅ ሥራ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል። በዚህ ረገድ ሁልጊዜ የማነሣው ጨዋታ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 2011፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 26 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በሂውስተን ከተማ የተደረገው የአሜሪካ ኮሌጆች የፍጻሜ ግጥሚያ ነው። የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ በትለርን 53 ለ 41 አሸነፈ። ኮኔቲከት ከ55 ሙከራ ያስገባው 19 ብቻ ሲሆን፣ ከሦስት ነጥብ ርቀት ከወረወራቸው 11 ኳሶች የገባችለት አንዲት ብቻ ነበረች። ይህን ብቻ ለሰማ ሰው ተሸናፊው ኮኔቲከት ይመስለዋል። በትለር ግን ከ64 ሙከራ 12 አስገባ፤ ይህም ከመቶ 19 እንኳ የማይሞላ፣ በፍጻሜ ጨዋታ ታሪክ ዝቅተኛው ውጤት ነው።

ቁጥሩን ከፈል አድርገን ስናየው ነገሩ ይጠራል። ከሩቁ ከታየ የተሻለው በትለር ነበር፤ ከ33 የሦስት ነጥብ ሙከራ 9 አስገብቷል። ከሦስት ነጥቡ መስመር ወዲህ ግን ከ31 ሙከራ ያገባው 3 ብቻ ነው። ኮኔቲከት በዚያው ክልል ከ44 ሙከራ 18 አገባ። ከቅርጫቱ ሥር በተገኘ ነጥብ ብልጫው 26 ለ 2 ነበር። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ነጥብ፣ ማለትም አንዲት ኳስ! ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። ረጃጅሞቹ የኮኔቲከት ተከላካዮች፣ በተለይም አሌክስ ኦሪያኪ፣ ወደ ቅርጫቱ የተጠጋውን ሁሉ እጃቸውን ሰቅለው ጠበቁት፤ ቡድኑ 10 ኳስ በብሎክ፣ ማለትም የተወረወረውን በእጅ አግዶ፣ መለሰ። የበትለሩ የመሐል ተጫዋች ማት ሀዋርድ ቡድኑን ለዚያ ቀን ባደረሰው ዓመት ሙሉ የተዋጣለት ሰው ሆኖ ሳለ ከ13 ሙከራ አንድ ብቻ አስገባ። ቀለበቱ ሥር ደርሶ ኳሷን ሲያነሣ በላዩ ላይ የሚዘረጋውን እጅ ለመሸሽ ክንዱን ሲያጥፍ፣ ኳሷም ሰሌዳውን በማይገባው ቦታ መትታ ስትመለስ ደጋግመን አየን። እንግዲህ ሁለቱም ቡድኖች «ሳቱ» ስንል አንዱ በራሱ እጅ ሲስት፣ ሌላው በተጋጣሚው እጅ እንዲስት መደረጉን መለየት ያስፈልጋል።

የልጅዎ ቡድንም ከሆነ ከጨዋታው የውጤት ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ የተጋጣሚው የማግባት መጠን ምን ያህል ነበር፣ ሪባውንዱን፣ ማለትም ስታ የነጠረችውን ኳስ፣ ማን ወሰደ፣ የቅጣት ውርወራ መስመር ላይ ማን ብዙ ቆመ። በሁለቱ እንኳ ብልጫ ካለው ዕድል ብቻ አይደለም ብለው ለባለቤትዎ በድፍረት ይንገሯቸው።

ከሂውስተን የደወሉ አድማጭ፦ «እኔ የምኖረው ከዚያ ስታዲየም በሃያ ደቂቃ ርቀት ነው። ያን ጊዜ ኳስ ያልገባው ለአሜሪካ ፉትቦል የተሠራ ትልቅ አዳራሽ ስለሆነ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ይህን እንዴት ያዩታል?»

ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም። ተጫዋቾቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጫወቱት ከሰሌዳው ጀርባ ተመልካች ተጠግቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ ነው፤ በዚያ ግዙፍ ስታዲየም ውስጥ ግን ከቅርጫቱ ኋላ ያለው ባዶ ቦታ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ዓይን ርቀትን የሚለካበት ነገር ያጣል። ነገር ግን አንድ ማስረጃ ፍርዴን ያጠብቅብኛል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በዚያው ስታዲየም በግማሽ ፍጻሜው ቪላኖቫ ከ49 ሙከራ 35 አስገብቶ ኦክላሆማን 95 ለ 51 ረታ። በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሜዳ፣ አንዱ ከመቶ ከ71 በላይ ሲያገባ ሌላው ሲሶውን እንኳ አልሞላም። ስለዚህ አዳራሹ ጥቂት ሊያስቸግር ይችላል፤ ሰበቡን ሁሉ በእርሱ ላይ መጣል ግን ተከላካዮቹ የሠሩትን መካድ ነው።

ከዱባይ የደወሉ ወጣት፦ «ኮከብ ተጫዋች ኳስ አልገባለት ካለ አሠልጣኙ መወርወሩን እንዲያቆም ሊያዝዘው ይገባል?»

ይህ ጥያቄ አሠልጣኞችን እርስ በርስ የሚያከራክር ነው። የእኔን አቋም ልንገርዎ፦ መወርወሩን ማቆም የለበትም፤ የሚወረውርበትን ቦታ ግን ሊለውጥ ይገባል። በዚያው በ2011ዱ ፍጻሜ የኮኔቲከቱ ኬምባ ዎከር ከ19 ሙከራ 5 ብቻ አስገባ። በዚያ ወር የቡድኑ ነፍስ እርሱ ነበር፤ ቢግ ኢስት በተባለው የኮሌጆች ሊግ ውድድር በአምስት ቀን አምስት ጨዋታ አሸንፈው የመጡት በእርሱ ትከሻ ላይ ሆነው ነው። በፍጻሜው ምሽት ከሩቅ አልገባ ሲለው ወደ ቅርጫቱ እየሰበረ ገብቶ ቅጣት አስገኘ፤ በቁመት ከትንንሾቹ አንዱ ሆኖ ሳለ 9 ሪባውንድ ለቀመ፤ በ16 ነጥብም የቡድኑ ቀዳሚ ሆኖ ጨረሰ። ተጋጣሚዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው እርሱን ሲከቡ ደግሞ ለጄረሚ ላምብ ቦታ ተከፈተለት፤ ላምብ 12 ነጥቡን በሙሉ ያገባው በሁለተኛው አጋማሽ ነው። ዎከር አንገቱን ደፍቶ ጥግ ላይ ቢቆም ኖሮ ያ ክፍተት አይገኝም ነበር።

ከኮሌጅ ወጣ ብለን እ.ኤ.አ. በ2010 የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታን ብናስታውስ፣ ኮቢ ብራያንት ከ24 ሙከራ 6 ብቻ አስገብቶ 15 ሪባውንድ ይዞ ወጣ። ቡድኑ ሌከርስ ከመቶ 33 እንኳ ሳያገባ ሴልቲክስን 83 ለ 79 አሸነፈ፤ ከሳታቸው ኳሶች 23ቱን ራሱ መልሶ አገኛቸውና። ኳስ ያልገባለት ኮከብ ሌላ የሚሠራው ሥራ ሞልቷል።

ከአዲስ አበባ የደወሉ የትምህርት ቤት ቡድን አሠልጣኝ፦ «የምንጫወተው ሜዳ ላይ ጣሪያ የለም፤ አንዱ ቀለበት ወደ ታች ዘንበል ብሏል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። ልጆቼ ሁለት ሦስት ኳስ ሲስቱ ወኔያቸው ይወድቃል። ለእንዲህ ያለ ቀን እንዴት አዘጋጃቸው?»

ጥያቄዎን ስሰማ ልቤ ተነካ፤ እኔም ያሠለጠንሁት በእንዲህ ያለ የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህኛው ላይ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

በቅድሚያ ለልጆቹ የውርወራን ልክ በቁጥር ያስረዷቸው። ዲን ኦሊቨር የተባለው አሜሪካዊ ተንታኝ እ.ኤ.አ. በ2004 ባቀረበው ሥሌት ጨዋታን የሚወስኑትን ነገሮች በአራት ከፍሎ ክብደት ሰጥቷቸዋል፦ የማግባት ብቃት 40 ከመቶ፣ ኳስ ለተጋጣሚ አለመጣል 25፣ ሪባውንድ 20፣ የቅጣት ውርወራ 15። ትልቁን ድርሻ የያዘው ማግባት መሆኑን አልሸሽግም። ሆኖም ከቀረው 60 ከመቶ አብዛኛው ነፋስም የተጣመመ ቀለበትም የማያበላሸው ነው፤ ከ40ውም ላይ የተጋጣሚን ማግባት የሚቀንሰው መከላከል የእናንተው ድርሻ ነው። ልጅ ይህን ሲያውቅ ኳስ በሳተ ቁጥር ወደ እርስዎ ዞሮ ፊትዎን ማየቱን ይተዋል።

ቀጥሎ የሳተች ኳስ ወዴት እንደምትሄድ ያስተምሯቸው። ከሩቅ የተወረወረች ኳስ ርቃ ትነጥራለች። ከጎን ጥግ የተወረወረች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትወድቀው በተቃራኒው ጎን ነው። እንግዲህ ከቀኝ ጥግ የሚወረውር ጓደኛ ያየ ልጅ ኳሷ አየር ላይ ሳለች በግራ በኩል ቦታ መያዝ አለበት። እኔ ይህን የማለማምደው እንዲህ ነበር፦ አንዱን ልጅ ሆን ብሎ እንዲስት እያዘዝሁ ሦስቱን ከሦስት ተከላካይ ጋር ቀለበት ሥር አቆማለሁ፤ ነጥብ የሚቆጠረው ለገባች ኳስ ሳይሆን ለተለቀመች ኳስ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ዓይኑን ቀለበቱ ላይ ተክሎ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ይጠብቃል። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ ጀርባውን ለተጋጣሚው ሰጥቶ፣ በወገቡ ስፍራ ሲያስከብር ያዩታል። በዚህ ልምምድ የታወቁት የሚሺጋን ስቴቱ አሠልጣኝ ቶም ኢዞ ተጫዋቾቻቸውን የአሜሪካ ፉትቦል መከላከያ እስከማልበስ ደርሰዋል፤ እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2000 ዋንጫ አንሥተዋል። መከላከያ ልብስ ባይኖርዎትም ግድ የለም፣ የሚያስፈልገው ለግፊያው መዘጋጀት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሪባውንድ ፍለጋ አምስቱም ቀለበት ሥር ከተከማቹ ተጋጣሚው ኳሷን ባገኘባት ቅጽበት ሮጦ ባዶ ሜዳ ላይ ያገባል፤ የሳተ ቡድን የሚሸነፈውም ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ኳስ ሲወረወር ሁለቱ ወደ ኋላ እንዲመለሱ አስቀድመው በስም ይመድቡ። «ማንም ይመለስ» ካሏቸው ማንም አይመለስም።

ስለ ዘንበል ያለው ቀለበት ደግሞ፣ ከሩቅ ከመወርወር ይልቅ በሰሌዳው እያስነጠሩ ከቅርብ ማግባትን ያዘውትሩ። ልጆቹ ከ45 ዲግሪ አካባቢ ሆነው ሰሌዳው ላይ ያለውን አራት ማዕዘን ማለም ይልመዱ። ነፋሱም ቢሆን የሚያዛባው አየር ላይ የቆየችውን ኳስ ነው።

ከቴል አቪቭ የደወሉ አድማጭ፦ «የቅጣት ውርወራ ይህን ያህል ዋጋ አለው? ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሦስት ነጥብ ነው።»

በአጭሩ ልመልስ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፍጻሜ ኮኔቲከት ኬንተኪን 60 ለ 54 ሲያሸንፍ ከ10 የቅጣት ውርወራ 10ሩንም አስገባ። ኬንተኪ ከ24 ያስገባው 13 ነው። የጠፉት 11፣ የሽንፈቱ ልዩነት 6። ማንም የማይከላከልበትን ውርወራ መሳት ቡድኑን እንዴት እንደሚጎዳ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ በመልእክት የደረሰን የመጨረሻ ጥያቄ፦ «ከቅርቦቹ ጨዋታዎች ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አለ?»

አለ፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2025 በሳን አንቶኒዮ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሂውስተን ዩኒቨርሲቲን 65 ለ 63 ያሸነፈበት ፍጻሜ። የፍሎሪዳው ኮከብ ዎልተር ክሌይተን ታናሹ በመጀመሪያው አጋማሽ አንዲት ነጥብ አላገባም። ቡድኑ ከሦስት ነጥብ ርቀት ከ24 ሙከራ 6 ብቻ ሲያገባ፣ በሁለተኛው አጋማሽ በ12 ነጥብ እስከመመራት ደርሶ ነበር። እኔ ያን ጨዋታ ደግሜ ስመለከት ከነጥቦቹ ይልቅ የማተኩረው በመጨረሻዎቹ ሰኮንዶች ላይ ነው። ሂውስተን ሁለት ነጥብ ተመርቶ ኳስ ይዟል። ኢማኑኤል ሻርፕ ሦስት ነጥብ ለመወርወር ዘለለ፤ ክሌይተን ከጎኑ እጁን ዘርግቶ እየበረረ መጣበት። ሻርፕ ብሎክ እንደሚደረግ ስለገባው አየር ላይ እንዳለ ኳሷን ለቀቃት። ኳሷ ወለሉን መትታ ከፊቱ ነጠረች፤ እርሱ ግን ዘልሎ የለቀቃት ስለሆነች ቀድሞ ከነካት ጥፋት ይሆንበታልና ቆሞ ሊያያት ተገደደ። በዚያ ቅጽበት የፍሎሪዳው አሌክስ ኮንደን ወለሉ ላይ ተወርውሮ ወደቀባት፤ ሰዓቱም አለቀ። ሂውስተን የመጨረሻዋን ኳስ ወደ ቅርጫቱ እንኳ ሳይወረውራት ቀረ።